በፈረንጅ ሕልም አንኩራ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ተቆጥቻለሁና ቻሉኝ።

ሰሞኑን አንድ ምስል ከየአቅጣጫው ስልኬ ላይ እየመጣ ነው። ጣሪያው ወርቅ የሆነ ግንብ፣ በሩ ላይ ሁለት አንበሳ። ከሥሩ «ፈረንጅ የተንቀጠቀጠለት የንጉሣችን የቄስ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት» ይላል። ሼር ያላደረገ ሐበሻ አይደለም አሉ!

እስቲ ረጋ በሉ። ቄስ ዮሐንስ ማለት ፈረንጆች በሩቅ አገር አለ ብለው ያለሙት ተረት የሆነ ክርስቲያን ንጉሥ ነው። ያ ግንብ የተሠራው በድንጋይ ሳይሆን በደብዳቤ ነው። በፈረንጆቹ 1165 ገደማ፣ ቄስ ዮሐንስ ለቢዛንታይኑ ንጉሥ ለማኑኤል ጻፈው የተባለ ደብዳቤ በአውሮፓ ተሰራጨ። በደብዳቤው ላይ የቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ዞጲ (ጥቁር ጠንካራ እንጨት) ነው፤ አናቱ ላይ ሌሊት የሚያበራ ዕንቁ ያለባቸው የወርቅ ፖሞች አሉ፤ ደጁ ላይ አገር ምድሩን የሚያሳይ መስተዋት ቆሟል። በግዛቱም ድሃ የለም፣ ሌባ የለም፣ ውሸታም የለም ይላል። (ይቺን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ደብዳቤው ራሱ ውሸት ነዋ!) አድራሻውም ሕንድ ነበር። እኛ ላይ የለጠፉት ኋላ፣ እስያ ውስጥ ፈልገው ሲያጡት ነው።

በፈረንጆቹ 1520 ፖርቱጋሎች መጡ። ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም አብሯቸው ነበር። ንጉሣችንን ዐፄ ልብነ ድንግልን አገኙ። ግንቡስ? ወፍ የለም። ያገኙት ሜዳ ሙሉ ድንኳን ነው። የንጉሡ ድንኳን ከፍ ያለው ቦታ ላይ፣ ሌላውም በየማዕረጉ። ቤተ ክርስቲያኑም ድንኳን ነው፤ ገበያውም አብሮ ይጓዛል። መንግሥትን ያህል ነገር ጠቅልሎ በበቅሎ ጭኖ መሄድ ቀላል ነው እንዴ?

ታዲያ በዚህ ምን ያሳፍረናል? አፋችን እንኳ ይመሰክራል። «ከተማ» የምንለው ዱሮ ንጉሡ የከተመበት ሰፈር ነበር። ደጃዝማች የደጁ አዝማች ነው፤ ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው። ዛሬም ለሠርግም ለለቅሶም ድንኳን የምንጥል ሰዎች ነን እኮ።

የግድ ግንብ ካማራችሁ ጎንደር አለላችሁ። ፋሲል የቆረቆራት በፈረንጆቹ 1636 ገደማ ነው። ባለፈው ሄጄ ግድግዳውን ጠጋ ብዬ አየሁት። በሚስማር የተፋቀ ልብ አለ፤ መሃሉ ላይ የሁለት ፍቅረኞች ስም፣ ከሥሩ ቀኑ ጭምር። በፈረንጅ እንዳናሳብብ ፊደሉ የኛው ነው።