«ሁለት ዓመት» ያለው ነቢይና «ሰባ ዓመት» ያለው ነቢይ

አንዲት የማውቃት እናት አለች። ልጇ ዓረብ አገር ከሄደች ቆይታለች። ስልኳ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ለወራት ይጠፋል። አምና «ነቢይ» የተባለ አንድ አገልጋይ እጁን ጭኖ ሲጸልይላት «በሦስት ወር ውስጥ ልጅሽ በርሽን ታንኳኳለች» አላት። እልል አለች። ቤቷ ገብታ የኋላውን ክፍል ቀለም አስቀባች፣ አዲስ ብርድ ልብስ ገዛች። ሦስት ወር አለፈ፤ ስድስት ወርም አለፈ። ሄዳ ስትጠይቅ «እምነትሽ አንሶ ይሆናል» አሏት። ብርድ ልብሱ ከነፕላስቲኩ አልጋው ላይ ቀረ።

ያን ብርድ ልብስ ካየሁ ጀምሮ ነቢዩ ኤርምያስ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። በተለይ የመጽሐፉ ምዕራፍ 28።

ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 590ዎቹ ነው። ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንን፣ ብዙ ሕዝብንና የቤተ መቅደሱን ዕቃ ይዞ ወደ ባቢሎን ወስዷል። በኢየሩሳሌም ሴዴቅያስ ነግሦ አራተኛ ዓመቱ ነው። ኤርምያስ አንገቱ ላይ የእንጨት ቀንበር አድርጎ ይዞራል፤ የባቢሎን ቀንበር ገና አይነሳም ማለቱ ነው። በዚህ መሀል ከገባዖን የመጣው ነቢዩ ሐናንያ በካህናቱና በሕዝቡ ፊት ቆመ። በሁለት ዓመት ውስጥ ዕቃውም፣ ንጉሡም፣ ምርኮኞቹም ይመለሳሉ አለ። ቀንና ቁጥር ያለው፣ ጆሮ የሚወደው ቃል!

ኤርምያስ ምን ብሎ መለሰ? «አሜን! እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» አለ።

እዚህ ጋ ሁሌ እቆማለሁ። ቃሉ እውነት እንዳልሆነ እየተሰማውም እንኳ እውነት ቢሆን ይመኝ ነበር። እነዚያ የተማረኩት ሰዎች ወገኖቹ ናቸው። መከራ እየመጣ ነው ብሎ መናገር አላስደሰተውም። ዛሬ ማኅበራዊ ሚዲያውን ስንከፍት የሐሰት ነቢያትን ሲያጋልጥ ጮቤ የሚረግጥ ሰው አናጣም። የሚናገረው ልክ ሊሆን ይችላል። ግን የተታለለችው እናት ቪዲዮው ላይ መሳቂያ ስትሆን፣ እውነቱ ከኤርምያስ አፍ እንደወጣው ዓይነት አይደለም። ኤርምያስ አስቀድሞ «አሜን» አለ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሰላም የተናገረ ነቢይ ቃሉ ሲፈጸም ይታወቃል ያለው።

ሐናንያ ቀንበሩን ከአንገቱ ወስዶ ሰበረው። ምን ያህል እንደተጨበጨበለት መገመት አያቅትም። ኤርምያስ አልተጨቃጨቀም። መጽሐፉ መንገዱን ሄደ ይላል፣ አለቀ። ከጊዜ በኋላ ቃል መጣለትና ተመልሶ ለሐናንያ ነገረው፤ ሐናንያም በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ። ያኔ ግን፣ በዚያ አደባባይ፣ ኤርምያስ የተሸነፈ ሰው መስሎ ነው የሄደው። ከአምላኩ ያልሰማውን አልተናገረም። መልስ ስለተጠበቀበት ብቻ መልስ አልፈጠረም። አገልጋዮቻችን «ጸልያለሁ፣ ገና አልሰማሁም» ማለት ቢችሉ ስንት ቤት ይድን ነበር!

የትንቢት ስጦታ የለም እያልኩ አይደለም። እኛም ግን ተጠያቂዎች ነን። አዲስ ዓመት ሲመጣ «ዘንድሮ የመውጣት ዓመት ነው፣ የመውረስ ዓመት ነው» የሚል ካልሰማን አምልኮው ጎደለ እንላለን። ሐናንያን የምንጠራው እኛ ነን።

ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ 29 ደግሞ ደብዳቤ ነው፤ ኤርምያስ ለባቢሎን ምርኮኞች የላከው። ከዚህ ደብዳቤ ቁጥር 11ን የማያውቅ የለም። «የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» የሚለው በየታክሲው፣ በየሳሎኑ ተለጥፏል። ቁጥር 10ን ግን ማን ይለጥፋል? ቁጥር 10 ሰባ ዓመት ይላል። ሰባ ዓመት ማለት ደብዳቤው ሲነበብ ከተሰበሰቡት አብዛኞቹ አገራቸውን ሳያዩ ይሞታሉ ማለት ነው። ታዲያ ምን አድርጉ አላቸው? ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ የተማረካችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ጸልዩላትም አላቸው።

አትክልት የሁለት ዓመት ተስፋ ያለው ሰው ሥራ አይደለም። ሻንጣውን ሳይፈታ የሚጠብቅ ሰው ችግኝ አይተክልም። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። «ዘንድሮ እገባለሁ» እያሉ አሥራ አምስት ዓመት ሶፋ ሳይገዙ የኖሩ አሉ። ሠርጉም፣ ትምህርቱም፣ ጎረቤት ማወቁም «ስገባ» ተብሎ ይቆያል። የኤርምያስ ደብዳቤ ለእነሱም የተጻፈ ይመስለኛል። እግዚአብሔር የሚጠብቅህ አንተ ልትደርስበት ባሰብከው ቦታ ብቻ አይደለም፤ አሁን ያለህበትም ቤት የእርሱ ነው።

ኤርምያስ ለሌላ የመከረውን ራሱም ኖሮታል። ከተማዋ በባቢሎን ጦር ተከባለች፤ እሱም በዘበኞች አደባባይ ታስሯል። የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለኝን መሬት ግዛኝ አለው። እንዲህ ባለ ጊዜ መሬት ማን ይገዛል? እሱ ግን 17 ሰቅል ብር በሚዛን መዝኖ ከፈለ። ውሉን ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክር አቆመ። ከዚያም ጸሐፊውን ባሮክን ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አኑረው አለው። ኤርምያስ በዚያ መሬት አርሶ እንደበላ የተጻፈ ነገር የለም። መጨረሻው ወደ ግብፅ መወሰድ ነበር።

ውሉን ግን በወጉ ጻፈ። ቤት፣ እርሻና የወይን ቦታ በዚህች አገር ደግሞ ይገዛል ተብሎ ነበርና።

ስለ ጉድጓዱ ሳልናገር አላልፍም። አለቆቹ የወታደሩን እጅ አደከመ ብለው በመልክያ ጉድጓድ ጣሉት። ውኃ የሌለው፣ ጭቃ ብቻ ነበር፤ ኤርምያስም ጭቃው ውስጥ ሰጠመ። ሴዴቅያስ ንጉሥ ሆኖ ሳለ «እናንተን መቃወም አልችልም» ብሎ አሳልፎ ሰጥቶታል። የቆመለት አንድ የቤተ መንግሥት ጃንደረባ ነው፤ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ። በብንያም በር ተቀምጦ ወደነበረው ንጉሥ ሄዶ በሰው ፊት «ክፉ አድርገዋል» አለ። ሰላሳ ሰው ተፈቀደለት። ገመድ ይዞ ግን ወዲያው ወደ ጉድጓዱ አልሮጠም። መጀመሪያ ከዕቃ ቤቱ ሥር ገብቶ አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ሰበሰበ። በገመድ አወረደለትና «በብብትህ ከገመዱ በታች አድርግ» አለው።

አቤሜሌክ ማለት በኛ ዘንድ ተረፈ ባሮክ በተባለው መጽሐፍ በለስ ይዞ 66 ዓመት የተኛው ነው፤ የከተማዋን ጥፋት እንዳያይ። እኔን ግን ሁሌ የሚገርመኝ ጨርቁ ነው። ገመድ ብብት እንደሚልጥ ያሰበ ሰው ነው። ማዳኑ ሳያንስ እንዳያመው ተጨነቀ። ለተጎዳ ሰው «እምነትህ አንሶ ነው» ማለት ያለ ጨርቅ ገመድ መወርወር እንኳ አይደለም፤ ጉድጓዱን መክደን ነው።

ያቺን እናት የዕድር ጎረቤቶቿ አልተዋትም። ማንም ትንቢት አልነገራትም። አንዷ ቡና ታፈላለች፣ አንዷ ስለ ልጇ ዝም ብላ ታዳምጣለች። የአንዲት ጎረቤት የወንድም ልጅ አሠሪዋ ጋ መከራ አይታ ከቤይሩት ስትመለስ ማረፊያ አጣች። እናትየው ሰማች። ባለፈው ሳምንት ቤቷ ስሄድ የኋላው ክፍል በር ክፍት ነበር። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ስልክ ታወራለች። ፕላስቲኩ ተቀዶ ጥግ ላይ ወድቋል፤ ብርድ ልብሱ ትከሻዋ ላይ ነው።

የራሷ ልጅ ገና አልመጣችም። ማታ ማታ ለሁለቱም ትጸልያለች።