ትምባሆ ደረቀ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «ቅጠሉን ቆርቆሮ ላይ ሦስት ቀን ፀሐይ ካስመታኸው አለቀ» ብለሃል። ደሴም ከሚሴም የምሰማው ስህተት ነው። እንዲያ የደረቀ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ ጋያ (የትምባሆ ማጨሻው) ላይ ሲወጣ እንደ ሣር ይሸታል፣ ጉሮሮ ይከረክራል።

ቅጠል እኮ እንደተቀጠፈ ወዲያው አይሞትም። ቀስ ብሎ ሲጠወልግ አረንጓዴ ቀለሙ ይፈርሳል፣ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል። በክር ተሰክቶ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት ተሰቅሎ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። አያቴ የመሐል ጅማቱን ያጥፉት ነበር። ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ገና ነው፤ ተመልሶ ይሰቀላል።

ማፍላቱ፣ ማለትም የደረቀውን ከምሮ ማብላላቱ፣ ሌላ ሥራ ነው። ቅጠሉ በትንሽ ውሃ ለስልሶ ሲከመር በራሱ ይሞቃል፣ የአሞኒያ ሽታ ያወጣል። ካልተገላበጠ ይሻግታል። አንድ እቅፍ ቅጠል ብቻ ከሆነ ደግሞ አይሞቅልህም።

«ከፈላ ጉዳቱ ይወጣለታል» ላልከው፣ አይወጣም። ካንሰር አምጪዎቹ ናይትሮሳሚኖች እንዲያውም በብዛት የሚፈጠሩት በማድረቅና በማፍላት ጊዜ ነው።

እና ጤዛ ያለበትን ቅጠል በባዶ እጅ አትልቀም። ኒኮቲኑ በቆዳ ገብቶ ያጥወለውልሃል።