ኤክስ የማን ደጋፊ ነው?

በጥቅምት 2005 ዓ.ም. አንድ የታክሲ ረዳት ከመገናኛ እስከ ፒያሳ ባለው መንገድ ያስተማረኝን አልጀብራ፣ እኔ በሒሳብ ትምህርት ዲግሪ የያዝኩት ሰው፣ እስከ ዛሬ ክፍል ውስጥ በዚያ ጥራት አስተምሬው አላውቅም። ብሔራዊ ቡድናችን በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፎ ተመልሷል፤ የመልሱ ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ ሊደረግ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ረዳቱ ብሮቹን በቁመታቸው አጥፎ በጣቶቹ መካከል እንደሰካ፣ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ፣ «በሁለት ጎል ልዩነት ካሸነፍን አለፍን፤ እነሱ ሦስት እስካላገቡ ድረስ ነው ታዲያ» አለ። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት «2 ለ 0 ይበቃናል?» ብለው ጠየቁት። «ይበቃል እማዬ። 3 ለ 1ም ይበቃል፣ 4 ለ 2ም ይበቃል። 5 ለ 3 ከሆነ ግን ተካከልን» ሲል መለሰላቸው። ሁለት ተለዋዋጭ ያለውን ኢኒኩዋሊቲ ከነገደቡ፣ ያለ ጥቁር ሰሌዳ፣ መልስ እየመለሰ ፈታው። (የእኔን መልስ ግን ረሳው።) ቡድኑም 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ፣ ከሜዳ ውጭ በተቆጠሩት ሦስት ጎሎች ብልጫ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን።

በሕዝባችን የሒሳብ ችሎታ የነበረኝ እምነት ስምንት ወር ብቻ ቆየ። ሰኔ ላይ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን፣ 13 ነጥብ ይዘን፣ ከተማው በጭፈራ ሲናወጥ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ መቀጣት የነበረበትን ተጫዋች በቦትስዋናው ጨዋታ አሰልፈናልና ሦስት ነጥብ ይቀነስ ተባለ። ኢኒኩዋሊቲ የሚፈታ ሕዝብ መካከል አንድ ሲደመር አንድ ሁለት መሆኑን የሚያስታውስ አንድ ሰው ጠፋ።

ያም ሆኖ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ «ኤክስ» የሚለውን ፊደል ባዩ ቁጥር ፊታቸው እንደ ሐዘን ቤት ሲጠቁር የታክሲው ረዳት ትዝ አለኝና፣ አልጀብራን በኳስ ላስተምር ተነሣሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ሳሳምረው አድሬ፣ ጠዋት በትልልቁ ጻፍኩት፦ አንድ ቡድን 38 ጨዋታ አድርጎ፣ አንዱንም ሳይሸነፍ፣ 90 ነጥብ ይዞ ጨረሰ፤ ስንቱን አሸነፈ፣ ስንቱን አቻ ወጣ? ጠመኔውን ገና ሳላስቀምጥ ከኋላ ወንበር «26 አሸንፎ 12 አቻ!» የሚል ድምፅ መጣ። ባለድምፁ ባለፈው ፈተና ከሃያው አራት ብቻ ያገኘ ልጅ ነው።

«ጎበዝ፤ እስቲ አሠራሩን አሳየን» አልኩት።

«ምን አሠራር አለው ቲቸር? አርሰናል ነዋ! የ2003/04ቱ!»

ልጁ ያኔ አልተወለደም ነበር። እኔ ግን ተስፋ ሳልቆርጥ፣ ያሸነፈውን ኤክስ፣ አቻ የወጣውን ዋይ ብዬ ሁለቱን ኢኩዌሽኖች አቆምኩ፤ አንዱን ከሌላው ቀንሼ፣ ሁለት ኤክስ ከ52 ጋር እኩል መሆኑ ላይ ደርሼ፣ የፊት ወንበሯን ልጅ እንድትጨርሰው ጠመኔ ሰጠኋት። እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። «እኔ የማንቸስተር ደጋፊ ነኝ ቲቸር። የአርሰናልን ነጥብ አልሠራም፤ ኤክስ እንዳለ ይቀመጥ» አለችኝ። በማግሥቱ ጠብ እንዳይነሣ ስሙን «ቡድን ሀ» ብዬ ብመጣ፣ ክፍሉ አሰልጣኙ ማን እንደሆነና በየትኛው አገር እንደሚጫወት ጠይቆኝ፣ መልስ ሲያጣ ወደ እንቅልፉ ተመለሰ። በሳምንቱ ደግሞ አንድ ወላጅ ቢሮ ድረስ መጥተው፣ ልጃቸው «የሒሳብ የቤት ሥራ ነው» እያለ ዲ ኤስ ቲቪ ቤት እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት እንደሚያመሽ በትሕትና አስረዱኝ።

እውነተኛው የሒሳብ ክፍል ግን ዲ ኤስ ቲቪ ቤቱም አልነበረም። አንድ ቀን ደብተር ስሰበስብ ከአንደኛው ውስጥ የቤቲንግ ትኬት ወደቀ። ስምንት ጨዋታ ይዟል፤ ሁሉም «ኦቨር 2.5» (ሦስት ጎልና ከዚያ በላይ ይገባል ማለት ነው)፣ የሁሉም ኦድ 1.90 (ከያዘ አንዱ ብር 1.90 ይሆናል)። ያ ከሃያ አራት ያገኘው ልጅ ስምንቱን ኦድ በቃሉ ሊባል በሚችል ፍጥነት አባዝቶ፣ መቶ ብሩ ስንት ሺህ እንደሚሆን በጠርዙ ላይ በእርሳስ ጽፎታል። ተቆጥቼ ልቀደው ነበር፤ ሐሳቤን ቀየርኩና ሰሌዳው ላይ ገለበጥኩት።

«ጨዋታው ወደ ኦቨርም ወደ አንደርም እኩል ዕድል ቢኖረው፣ ቤቲንግ ቤቱ ግን ሁለት ከፍሎ ሳይሆን 1.90 ከፍሎ ቢያሰናብታችሁ፣ ከእያንዳንዱ ብር በአማካይ የምትመለሰው 95 ሳንቲም ናት። ስምንቱን ባንድ ትኬት ስታሠሩ 0.95 ስምንት ጊዜ በራሱ ይባዛል» አልኳቸውና፣ ከመቶ ብሩ በአማካይ የሚመለሰውን 66 ብር ከ34 ሳንቲም ጻፍኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ ጥቂት አሰበና «ስድስት ጨዋታ ባደርገውስ?» አለ። ማንም ሳያዝዘው አርባው ተማሪ ደብተሩ ላይ አጎነበሰ፤ 73 ብር ከ51 ሳንቲም አሉ። አራትስ? 81 ብር ከ45። ደወሉ ተደወለ፤ የተነሣ የለም። ከመስኮቱ ጥግ አንድ ዝምተኛ ልጅ «ዜሮ ጨዋታ ከሆነ 0.95 ሲነሣ በዜሮ ፓወር አንድ ስለሆነ፣ መቶው ብር መቶ ሆኖ ኪስ ውስጥ ይቀራል» አለ። ይህቺን ዜሮ ፓወር ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር።

ደስታዬን ገና ሳላጣጥመው የማንቸስተሯ ደጋፊ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ታዲያ ቤቱን የምንከፍተው እኛ ብንሆንስ?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ወጥታ ጠመኔውን ከእጄ ወሰደች። «የመነሻ ካፒታሉ ኤክስ ይሁን።»