ፖስታ ላልከፈተው ጀግና

የአሜሪካ ጦር ለጀግኖቹ የማይሰጠው የሜዳልያ ዓይነት የለም፤ አንድ ብቻ ጎድሎታል። ከአበዳሪ የመጣለትን ፖስታ ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ የሚከት ወታደር እስካሁን አልተሸለመም። ግፍ ነው! ከጥይት ፊት መቆም ማንም የሚሠለጥነው ነገር ነው። «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚል ፖስታ አጠገብ ተኝቶ ማንኮራፋት ግን ተሰጥኦ ይፈልጋል።

ገድሉ የሚጀምረው ከመኪና ነው። ሥልጠናውን ጨርሶ የመጀመሪያ ምድቡ የደረሰ ወታደር፣ ከጦር ሰፈሩ በር ወጣ እንዳለ ከተደረደሩት መኪና ሻጮች ወደ አንዱ ጎራ ይልና ከ20 ከመቶ በላይ በሆነ ወለድ ሙስታንግ እየነዳ ይወጣል። ለወታደር የሚሰጥ ብድር ዓመታዊ ወጪው ከ36 ከመቶ እንዳይበልጥ የሚከለክል ሕግ መኖሩን ሰምቷል። መኪናው ራሱ መያዣ የሆነበት የመኪና መግዣ ብድር ከዚያ ሕግ ውጭ መሆኑን ማጣራት ግን የፈሪ ሥራ ነው። መክፈል ሲያቅተው መኪናው ይወሰዳል፤ እሱም «ተገላገልኩ» ይላል። አበዳሪው መኪናውን በጨረታ ሸጦ፣ ሽያጩ ያልሸፈነውን ቀሪ ከነወጪው በስሙ ያስቀምጥለታል። ሙስታንጉን ሌላ ሰው ይነዳዋል፣ ዕዳውን ጀግናው ይገፋዋል።

ቀጥሎ የምስጢር ፈቃድ (የመንግሥትን ምስጢር ለማየት የሚያስችል ፈቃድ) የሚጠየቅበት ኤስ ኤፍ 86 የተባለው ቅጽ ይመጣል። ክፍል 26 ሙሉ በሙሉ ስለ ገንዘብ ነው፦ ባለፉት 7 ዓመታት ከ120 ቀን በላይ ሳይከፈል የቆየ ዕዳ፣ ኪሳራ ማወጅ፣ በማንኛውም ጊዜ በቁማር የመጣ የገንዘብ ችግር፣ ያልቀረበ ወይም ያልተከፈለ ግብር። ለሌላ ሰው ዋስ ሆኖ የፈረመበት ብድር ሳይቀር ይጠየቃል። ጀግናችን ሁሉንም «የለም» ብሎ ያልፈዋል፤ ማስረጃም አለው። አበዳሪው ዕዳውን «ቻርጅ ኦፍ» አድርጎታል፣ ማለትም በመዝገቡ ኪሳራ ብሎ ጽፎታል፤ ይህ የአበዳሪው የሂሳብ አያያዝ እንጂ ምሕረት አለመሆኑን ማን ይነግረዋል? ሌላው ዕዳ ደግሞ አርጅቶ ከክሬዲት ሪፖርቱ፣ ማለትም ከብድር ታሪኩ መዝገብ፣ ወርዷል። ከሪፖርት የወረደ ዕዳ ግን የተከፈለ ዕዳ አይደለም፤ ፈቃዱ ይገባዋል አይገባውም ብለው የሚወስኑት መዛኞችም «እስኪያረጅ ጠበቅኩት» የሚለውን በቅን ልቦና እንደተደረገ ጥረት አይቆጥሩትም።

በአንድ «የለም» የሚገኘውን ትርፍ እዩልኝ። ፈቃድ ከሚመዘንባቸው መመሪያዎች ዕዳ ብቻውን የሚታየው ስለ ገንዘብ በሚናገረው መመሪያ ኤፍ ነበር፤ አሁን ስለ ታማኝነት የሚናገረው መመሪያ ኢም ተጨመረ። አውቆ መዋሸት በፌዴራል ሕግ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። 3,000 ዶላር ለመደበቅ ይህን ያህል መሠዋት፣ ከዚህ በላይ ለጋስነት ከየት ይመጣል?

የመንግሥት ጭንቀት ደግሞ ያስቃል። የባህር ኃይሉ ጆን ዎከር የከፈተው መጠጥ ቤት ሲከስርበት ወደ ሶቪየት ኤምባሲ ሄዶ ወደ 17 ዓመት ያህል ምስጢር ሸጠ። የሲአይኤው አልድሪች ኤምስ በ1985 ዕዳ ሲያንቀው ለሶቪየቶች ምስጢር መሸጥ በ50,000 ዶላር ጀመረ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ብለው ይፈራሉ። ቀዳዳውን የሚደፍን ሰው እንደማያስፈራቸው ግን ራሳቸው ጽፈውታል።

ያንን ያነበቡት ፈሪዎቹ ናቸው፤ ሥራቸውን ስገልጽ ይቅር በሉኝ። ቅጹን ከመሙላታቸው በፊት የብድር ታሪክ ከሚመዘግቡት ከኢኩዊፋክስ፣ ከኤክስፒሪያንና ከትራንስዩኒየን ሪፖርታቸውን በነፃ ያወጣሉ። የእነሱ ያልሆነውን ዕዳ በጽሑፍ ይቃወማሉ። ለሆነው አበዳሪ ደውለው የክፍያ ስምምነት ይፈርማሉ፤ በወር 50 ዶላርም ብትሆን ሳያቋርጡ ከፍለው ደረሰኙን ያስቀምጣሉ። ከውትድርና በፊት ለነበረባቸው ዕዳ ወለዱ ወደ 6 ከመቶ እንዲወርድ የጥሪ ትእዛዛቸውን ቅጂ አያይዘው ይጽፋሉ፤ ይህ ጥያቄ አገልግሎት ካበቃ በኋላ እንኳ እስከ 180 ቀን ይሠራል። ችግሩ ከፍቺ፣ ከሕመም ወይም ከሥራ ማጣት የመጣ ከሆነ ሰነዱን ያቀርባሉ፤ መመሪያውም ከአቅም በላይ የሆነን ነገር፣ ሰውየው በኃላፊነት እስከሠራ ድረስ፣ ያይለታል። ኪሳራ ያወጁ እንኳ ፈቃዳቸውን ይዘው የቀጠሉ አሉ። ምን ያለ ውርደት!

ለጀግናው ድሮ ይሻል ነበር። ለከፍተኛ ምስጢር በየ5፣ ለምስጢር በየ10 ዓመቱ ብቻ ይመረመር ስለነበር ፖስታው በሰላም ይከማች ነበር። አሁን ተከታታይ ክትትል የሚባለው አሠራር የክሬዲት መዝገቡን ኮምፒውተር ራሱ እንዲያይ አድርጓል። እሱም ከ120 ቀን ያለፈ ዕዳውን ለደኅንነት ኃላፊው ራሱ ማሳወቅ አለበት። ደግነቱ፣ ስንት ቀን እንዳለፈው የሚያውቀው ፖስታ የሚከፍት ሰው ነው።

በመጨረሻ ፈቃዱ ለምን እንደሚነሳ የሚዘረዝር ደብዳቤ ይመጣል። አንዳንዱ ጀግና ይደነግጥና በሌላ ብድር ሁሉንም በአንድ ሳምንት ይከፍላል፤ መዛኙም የክፍያውን ቀን ከደብዳቤው ቀን ጋር አስተያይቶ ይገረማል። እውነተኛው ጀግና ግን እንዲህ አይዋረድም። መልስ ያልተሰጠበት ደብዳቤ ፈቃዱን ይዞ ይሄዳል፣ የቀነ ገደቡ ቆጠራም ደብዳቤው ከደረሰው ዕለት ይጀምራል። ይህ ሁሉ የተጻፈው ውስጡ ነው፤ የመጣው ደግሞ በፖስታ ነው። መሳቢያው ትንሽ ቦታ ቀርቶታል።