መድረኩ ላይ የወጡት፣ ገበታው ላይ ያልቀረቡት

በምሥራቅ ለንደን ብሪክ ሌን በተባለው መንገድ የሚያልፍ ሰው በግራና በቀኝ «የሕንድ ምግብ ቤት» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ያነባል። ባለቤቶቹና አብሳዮቹ ግን በአብዛኛው የባንግላዴሽ ሰዎች፣ በተለይም በሰሜን ምሥራቅ የአገሪቱ ክፍል ከሚገኘው ከሲልሄት የመጡ ናቸው። ከቀደምቶቹ ብዙዎቹ በእንግሊዝ የንግድ መርከቦች ላይ ሲሠሩ ቆይተው ለንደን የቀሩ ነበሩ፤ ምግብ ቤት ሲከፍቱም ያቀረቡት በቤታቸው የሚበሉትን ሳይሆን እንግሊዛዊው የሚያውቀውንና ገንዘብ የሚከፍልበትን ነው። አገራቸው በ1971 ነጻ ከወጣች በኋላም (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የበሩ ጽሑፍ እንደነበረ ቀረ። በ2001 የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሮቢን ኩክ ቺክን ቲካ ማሳላን፣ ማለትም በቅመም መረቅ የሚቀርበውን የዶሮ ጥብስ፣ እውነተኛ የብሪታንያ ብሔራዊ ምግብ ብለውታል። ንግግሩ ለስደተኛው ምስጋና ነበር፤ ይሁን እንጂ በብሪክ ሌን ለዓመታት የተመገበ ሰው ስለ ቤንጋሎች፣ ማለትም ስለ አብዛኛው የባንግላዴሽ ሕዝብ፣ ማዕድ የሚያውቀው ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ረገድ ከእነርሱ እንለያለን ብንል ሐሰት አይሆንም። በ1978 በዋሽንግተን «ማማ ደስታ» ከተከፈተ ጀምሮ በውጭ አገር ያሉ ምግብ ቤቶቻችን በራሳችን ስም ይጠራሉ፤ እንጀራውን በሩዝ የለወጠ፣ እንግዳው ማንኪያ ስለለመደ ብሎ መሶቡን ያነሳ የለም። ነገር ግን የዋሽንግተኑን፣ የለንደኑንና የዱባዩን የምግብ ዝርዝር ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንዱ ከሌላው የተቀዳ ይመስለዋል፦ ዶሮ ወጥ፣ ጥብስ፣ ክትፎ፣ የጾም በያይነቱ። በውጭ አገር የተወለደ የሲዳማ ወይም የጋሞ ልጅ አያቱ የምትበላውን ምግብ በአገሩ ስም በተሰየመው ቤት አያገኘውም። ይህን ነገር አጥብቄ እንዳስብበት ያደረገኝ በሥራ ምክንያት ወደ ባንግላዴሽ ዋና ከተማ ወደ ዳካ መመላለሴ ነው።

በዳካ ውጭ መብላት ማለት በልማዱ ቢሪያኒ ወይም ካባብ መብላት ነው። አሮጌው ዳካ ከሙጋል ገዢዎች ዘመን በወረሰው በፍየል ሥጋና በሩዝ የሚሠራ ካቺ ቢሪያኒ ይኮራል፤ ለሠርግም ለግብዣም የሚቀርበው እርሱ ነው። የየዕለቱ ማዕድ፣ ማለትም ነጭ ሩዝ፣ ምስር፣ ዓሣና አትክልት፣ የእናት ቤት ምግብ ስለሆነ ሰው ገንዘብ አውጥቶ ደጅ የሚበላው አይመስልም ነበር። እኛም ዘንድ ሽሮ ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ነበረች፤ ሽሮ ቤቶች ስም ሳያወጡ በፊት ምግብ ቤት ገብቶ ሽሮ የሚያዝ ሰው ኪሱ እንደሳሳ ይገመት ነበር። ዛሬ ዳካ ውስጥ በምሳ ሰዓት የቤት ምግብ የሚያቀርቡ ቤቶች በቢሮ ሠራተኞች ተጨናንቀው ይታያሉ።

በእነዚህ ቤቶች መጀመሪያ የሚቀርበው ቦርታ ነው፦ የተጠበሰ ባዳንጃን፣ የተቀቀለ ድንች ወይም የደረቀ ዓሣ ከሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከጥሬ የሰናፍጭ ዘይት ጋር በእጅ ታሽቶ በትንሽ በትንሹ ይቀርባል። እኛ ሰናፍጭን የምናውቀው ለጾም በጥብጠን ከበያይነቱ ዳር በማስቀመጥ ነው፤ ቤንጋሎች ግን ዘይቱን አውጥተው ይጠብሱበታል፣ ፍሬውን ፈጭተው ዓሣ ይሠሩበታል። «ፓንች ፎሮን» የሚሉት የአምስት ቅመም ድብልቅም ከእኛ ጓዳ የራቀ አይደለም፤ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከሙን፣ እንስላልና ሰናፍጭ አሉበት። ልዩነቱ እኛ ፈጭተንና ደልዘን ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ስናዋህድ እነርሱ ፍሬውን ሳይፈጩ በጋለ ዘይት ውስጥ አፈንድተው ሽታውን ማውጣታቸው ነው። ሽፈራውንም (ሞሪንጋን) ያውቁታል፤ ኮንሶዎች ቅጠሉን ሲቀቅሉ እነርሱ ረጅሙን ፍሬ ቆራርጠው በሰናፍጭ ይሠሩታል።

አበላሉ ግን ከእኛ ፈጽሞ የተለየ ነው። በእጅ፣ ያውም በቀኝ እጅ ይበሉ እንጂ ሁሉም በየሳህኑ ነው፤ ወጦቹም በአንድ ጊዜ አይፈሱም። መራራው ወይም ቅጠላ ቅጠሉ ይቀድማል፣ ምስሩ ይከተላል፣ ከዚያ ዓሣው፣ ሥጋ ካለ ከዓሣው በኋላ፣ በመጨረሻ ጣፋጩ እርጎ ይመጣል። አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን መቀላቀል የጣዕም አለማወቅ ተደርጎ ይቆጠራል። በያይነቱን ከነኅብሩ አንድ ላይ መጉረስ ለለመደ ሰው ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል። ኢሊሽ የተባለው ዓሣ ሲቀርብማ ትዕግሥቱ በእጥፍ ይጨምራል፤ የባንግላዴሽ ብሔራዊ ዓሣ ሆኖ ሳለ እንደ መርፌ በቀጠነ አጥንት የተሞላ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ አዛውንት የሥራ ባልደረባዬ አጥንቱን በጣቶቹ እየለየ ፖለቲካ ሲያወራ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። እንግዳ ይቸገራል ብሎ አጥንት የሌለው ዓሣ ያቀረበልኝ ግን አልነበረም፤ ይህን ወደድሁለት።

ከሁሉም በላይ ትኩረቴን የሳበው ግን በሚርፑር ክፍለ ከተማ ካዚፓራ በተባለው ሰፈር ያገኘሁት የኮረብታ ሰዎች ምግብ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ባንግላዴሽ፣ በቺታጎንግ ኮረብታዎች፣ ቻክማ፣ ማርማ፣ ትሪፑራ፣ ምሮና ሌሎችም፣ በጠቅላላው አሥራ አንድ ያህል ብሔረሰቦች ይኖራሉ። ቋንቋቸው ከቤንጋሊ የተለየ ወይም የራሱ መልክ ያለው ነው፤ ብዙዎቹ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ናቸው። ምግባቸው ዘይትና የደረቀ ቅመም እምብዛም አይነካውም። ዓሣው ወይም ዶሮው ከቃሪያ፣ ከዝንጅብልና ከእርድ ጋር ተለውሶ በሙዝ ቅጠል ይጠቀለልና በእንፋሎት ወይም በፍም ይበስላል፤ ሄባንግ ይሉታል። በእርጥብ የቀርከሃ ግንድ ውስጥ ተጠቅጥቆ እሳት ላይ የሚበስለው ዶሮም አለ። በክረምት ከመሬት የሚወጣው የቀርከሃ ቡቃያ ደግሞ እንደ ጎመን ተከትፎ ይቀቀላል። በሚያዝያ አጋማሽ በሚከበረው የቢጁ በዓል ዋናው ቀን ፓጆን ይሠራል፤ ከሃያ በላይ ዓይነት አትክልት፣ ሥርና ቅጠል ሊገባበት የሚችል ወጥ ነው፣ ቤት ለቤት እየዞሩም ይቀምሱታል።

ለብዙዎቹ ወጦች መሠረቱ ናፒ ነው፤ ከተቦካ ጥቃቅን ሽሪምፕ የሚሠራ፣ ሽታው ከሩቅ የሚለይ ማጣፈጫ። ምግቡን ያቀረበልን የቻክማ ወጣት ተማሪ ሳለ ቤት ሲከራይ አከራዮች «ያን ነገር እንዳታበስል» ይሉት እንደነበር ሳይማረር ነገረን። አስገራሚው ነገር ቤንጋሎቹ ራሳቸው ሹትኪ የተባለውን የደረቀ ዓሣ የሚወዱ መሆናቸው ነው፤ ሽታውም ከናፒ የሚያንስ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ውስጥ የቆጮ ሽታ ለቀልድ ሲውል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ቀልደኛው ራሱ ቅዳሜ ዕለት ክትፎውን በቆጮ ይበላል።

እነዚህ ሰዎች ወደ ዳካ የመጡት በደስታ ብቻ አይደለም። በ1962 የተጠናቀቀው የካፕታይ ግድብ ከኮረብታዎቹ ሊታረስ ከሚችለው መሬት 40 በመቶ ያህሉን በውኃ ሸፍኖ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው አፈናቅሏል፤ የቻክማው ንጉሥ ቤተ መንግሥት ሳይቀር ውኃው ውስጥ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ የተነሣው የትጥቅ ትግል በታኅሣሥ 1997 በተፈረመ የሰላም ስምምነት እስኪቆም ድረስ ሁለት አሥርት ዓመታት ፈጅቷል። የካዚፓራው ገበታ መጀመሪያ የተዘረጋው ለትምህርትና ለሥራ ዋና ከተማ ገብተው የቤት ምግብ ለናፈቃቸው የኮረብታ ልጆች እንጂ ለአገር ጎብኚ አልነበረም፤ ቤንጋሎቹ የመጡት በኋላ ነው። በአንጻሩ ሳጄክ በተባለው የኮረብታ መዝናኛ የቀርከሃው ዶሮ ከከተማ ለሚመጣው ጎብኚ ፎቶ ማንሻ ሆኗል፤ ጎብኚው እንዳይከፋው ናፒው ወጥቶ የፋብሪካ የቅመም ድብልቅ ገብቶበታል። የብሪክ ሌን ታሪክ እዚያው አገር ውስጥ በትንሹ ሲደገም ማየት ያሳዝናል።

አዲስ አበባ ስመለስ ወዳጆቼ የሚወስዱኝ ወደ ባህል ምግብ ቤት ነው። መድረኩ ሰፊ ነው፤ እስክስታው፣ የጉራጌው፣ የወላይታው፣ የኦሮሞው፣ የትግራዩ፣ የጋምቤላው ጭፈራ በተራ በተራ ይቀርባል፣ ልብሱም ጌጡም በየጭፈራው ይለወጣል። ወደ ምግቡ ዝርዝር ስንመለስ ግን የምናገኘው ያንኑ የዋሽንግተኑን ነው። ሻፌታ በተባለው የሸክላ ገበታ የሚቀርበው የሲዳማ የእንሰትና የቅቤ ምግብ፣ ቡርሳሜ፣ የለም፤ ከእህል ዱቄትና ከሽፈራው ቅጠል የሚሠራው የኮንሶ ኩርኩፋም የለም። ሽፈራው አዲስ አበባ ሲደርስ ሻይና ዱቄት ሆኖ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ተብሎ ይሸጣል እንጂ ምግብ መሆኑ የሚነገረው በጥቂቱ ነው። የቀርከሃ ቡቃያ በእኛም አገር፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በክረምት የሚበላ ምግብ መሆኑን ለወዳጆቼ ስነግራቸው ከዳካ ያመጣሁት ወሬ መስሏቸው ሳቁ። የጉሙዝን ጭፈራ ግን በዚያው ምሽት አጨብጭበውለታል።

«ደንበኛው አይጠይቅም» የሚል መልስ ከአንድ የምግብ ቤት አስተዳዳሪ ሰምቻለሁ፤ ሊናቅ የሚገባው ክርክርም አይደለም፣ ኪራዩ የሚከፈለው በሚጠየቀው ምግብ ነውና። ነገር ግን ያው ቤት በብዛት የሚሸጠው ክትፎ ራሱ የአዲስ አበባ ሰው ጠይቆት የመጣ አይደለም። ጉራጌዎች ለንግድና ለሥራ ሲገቡ ይዘውት ገቡ፣ በራሳቸው እጅ፣ በራሳቸው ቤት፣ ከነቆጮውና ከነአይቡ ሸጡት፤ ከተሜው ሄዶ ለመደው፣ ከዚያ በኋላ ነው በየዝርዝሩ የተጻፈው። ካዚፓራ ያሉት የቻክማ ልጆች መንገድም ይኸው ነው፤ ዕድሉ በእጃቸው ስለሆነ ናፒውን የሚያወጣባቸው የለም። ሁሉም ብሔረሰብ ግን በዋና ከተማ ቤት ተከራይቶ ንግድ ለመጀመር የሚበቃ ጥሪትና ዘመድ የለውም፤ ስለዚህ መድረክ ያላቸው ቤቶች ቢጀምሩት ይቀላል። የጉሙዝን ጭፈራ ለማስጠናት አሠልጣኝ ይቀጥራሉ፤ በሐምሌና በነሐሴ ቡቃያው ሲወጣ ከአሶሳ አንዲት ባለሙያ አስመጥተው ማታ ማታ ቢያሠሩ የሚጨምርባቸው ወጪ ከአንድ የተወዛዋዥ ልብስ ብዙ የሚበልጥ አይመስለኝም።