ማስተካከያ፦ ስለ ጆን ፓቾሬክ ፍጹም ውጤት

ባለፈው ጽሑፍ ላይ ስለ ሂውስተኑ ቤዝቦል ተጫዋች ጆን ፓቾሬክ ሦስት ነገር ተብሎ ነበር። ፍጹም የመምታት አማካይ (የመታው ብዛት ለሙከራው ብዛት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) ያለው ብቸኛ ሰው ነው፤ አምስት ጊዜ ገብቶ አምስቱንም መታ፤ ከዚያ ጨዋታ በኋላ ቤዝቦልን ተወ። ሦስቱም ይስተካከሉ።

ብቸኛው አይደለም። 1.000 ይዘው፣ ማለትም የሞከሩትን ሁሉ መትተው፣ የጨረሱ ሌሎችም አሉ። ለምሳሌ የቺካጎ ዋይት ሶክሱ ቻርሊ ሊንድስትሮም በ1958 (እ.ኤ.አ.) በተሰለፈበት አንድ ጨዋታ በአንድ ሙከራ አንድ መትቷል። ፓቾሬክ ግን ሦስት በሦስት ነው፤ ከፍጹሞቹ ሁሉ ብዙ የመታው እሱ ነው።

አምስት የሚለው ከየት መጣ? ሴፕቴምበር 29 ቀን 1963 ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር ሲጫወቱ አምስት ጊዜ ለመምታት ቆሟል። ሦስቴ መታ። ሁለቴ ደግሞ ወርዋሪው አራት የተበላሸ ኳስ ስለጣለለት ሳይመታ ወደ መጀመሪያው ቤዝ (ነጥብ ለማስቆጠር ዞረው ከሚያልፏቸው ማረፊያዎች አንዱ) ሄደ። ይህ በአማካዩ ስሌት አይገባም። አምስቴም ቤዝ ላይ ደርሷል፤ ደጋፊ አምስት ብሎ ቢያስታውሰው አይፈረድበትም። አራት ጊዜ ዞሮ ነጥብ አስቆጥሯል። ሂውስተን 13 ለ 4 አሸነፈ። ልጁ ገና 18 ዓመቱ ነበር!

ቤዝቦልንም በፈቃዱ አልተወም። ጀርባው ታሞ በ1964 ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያም እስከ 1969 በታችኛው ሊግ ሲታገል ቆየ፤ ወደ ዋናው ሊግ ግን አልተመለሰም። በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ የስፖርት መምህር ሆኗል።