ማስተካከያ፦ ስለ ብጉር የጻፍኩት
ባለፈው «ብጉር እንዲጠፋ ፊታችሁን በቀን አምስት ጊዜ ታጠቡ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ብጉር ከቆሻሻ አይመጣም። የቆዳ ወዝና የሞቱ ሴሎች ቀዳዳውን ይደፍኑታል፤ ውስጡ ባክቴሪያ ይራባል፤ ከዚያ ቆዳው ይቆጣል። ጥቁሯ ነጥብ እንኳ እድፍ አይደለችም። አየር ነክቷት የጠቆረች ናት፣ ብትፈትጓት አትለቅም። በቀን ሁለቴ፣ ቆዳ በማያደርቅ ሳሙና መታጠብ ይበቃል።

የጥርስ ሳሙና ቀቡበት ያልኩትንም እርሱት፤ ቆዳ ያቃጥላል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ወይም አዳፓሊን የሚባል የብጉር ቅባት ይሻላል። አዳፓሊን ግን ለነፍሰ ጡር አይመከርም። ደግሞ በሳምንት ለውጥ አትጠብቁ፤ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ሰው (እኔም አንዴ) መድኃኒቱን «አልሠራም» ብሎ የሚጥለው በሁለተኛው ሳምንት ነው።